ጋሻ ወይስ ጭምብል?

ስለ ጀግንነት በሚነገርበት አገር ሁሉ ስለ ፍርሃትም ይነገራል። አማርኛ ለሁለቱም የተትረፈረፈ ቃል አለው። «ፈሪ ለእናቱ» ሲል፣ ሕይወቱን ያተረፈ ሰው ትርፍነቱ ለወለደችው ብቻ እንጂ ለሌላው ምንም እንዳልሆነ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ የቆየ ነው። በዚህ ፍርድ አፍሮ ወደ ሞት የሄደው ወጣት ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ያው ቋንቋ ስለ ጋሻ ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። ጋሻ የያዘ ሰው በመያዙ ብቻ ፈሪ ተብሎ አያውቅም። ጋሻ የክብር ዕቃ ነው፤ ከጎሽና ከአውራሪስ ቆዳ ይሠራል፤ በብርና በወርቅ ያጌጣል፤ በሰላም ጊዜ ከአዳራሽ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የሚታመኑበት ሰውም «ጋሻዬ፣ መከታዬ» ይባላል። ታዲያ ራሱን ለመከላከል አንድ ነገር ከፊቱ ያደረገ ሰው ባለ ጋሻ የሚባለው መቼ ነው? ፊቱን በጭምብል የሸፈነ ፈሪ የሚባለውስ መቼ ነው?

ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ አይደለም፤ በየሙያውና በየሥራው ቦታ በየዕለቱ የሚነሣ ነው። ሆኖም አንድ ትልቅ የሥነ ምግባር ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ ባልታሰበ ሥፍራ ጎልቶ ይገኛል። የጋሻና የጭምብል ክርክር በግልጽ ከታየባቸው ሥፍራዎች አንዱ የጦር ሜዳ ሳይሆን የስፖርት ሜዳ፣ ያውም የበረዶ ሜዳ ነበር። ባለ ታሪኩ በሙያው የኖረ ካናዳዊ የበረዶ ሆኪ ግብ ጠባቂ፣ ዣክ ፕላንት ነው። በታሪኩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የበረዶ ሆኪ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ ቢመስልም የገናን ጨዋታ ላየ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም። በሁለቱም ጨዋታዎች ሁለት ወገኖች ጫፉ በተቆለመመ ዱላ አንዲት ነገር እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ለማድረስ ይታገላሉ። ልዩነቱ በሆኪ ሜዳው በረዶ መሆኑ፣ ከጫማው ሥር እንደ ቢላዋ የተሳለ ብረት መገጠሙ፣ የምትመታውም ድቡልቡል ሩር ሳትሆን «ፓክ» የሚሏት ጠፍጣፋ የጎማ ቁራጭ መሆኗ ነው። ፓክ ከዳር እስከ ዳር 7.6 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቷ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷም ከ156 እስከ 170 ግራም ነው። በበረዶው ላይ እንዳትነጥር ከጨዋታው በፊት በቅዝቃዜ ትደርቃለች። በኃይለኛ መቺ ዱላ ስትለጋ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ትበራለች። ግብ ጠባቂው የሚቆመው ቁመቱ 1.22፣ ወርዱ 1.83 ሜትር በሆነ መረብ ፊት ነው። ሥራውም ሌላው ሰው የሚሸሸውን ነገር በአካሉ መቀበል ነው።

እስከ 1950ዎቹ ማብቂያ ድረስ ይህ ሰው ራሱን የሚከላከልባቸው ነገሮች ጥቂት አልነበሩም። እግሮቹን ከጉልበቱ በላይ በሚደርስ ወፍራም የቆዳ መከላከያ ይሸፍናል፤ ደረቱን ይደግፋል፤ እጆቹን በትላልቅ ጓንት ይከታል። ለዚህ ሁሉ ማንም ፈሪ አላለውም። ፊቱ ግን ባዶ ነበር። ፓክ የግብ ጠባቂን ጥርስ ስታረግፍ፣ ቅንድቡን ስትሰነጥቅ፣ አፍንጫውን ስትሰብር ሐኪሙ ከመልበሻ ክፍል ውስጥ ይሰፋዋል፤ ጨዋታውም ቆሞ ይጠብቀዋል፤ እሱም በተሰፋው ፊቱ ወደ መረቡ ይመለሳል። ተመልካቹ ተነሥቶ ያጨበጭብለታል።

ከዚህ ጭብጨባ በስተጀርባ የነበረውን የኑሮ ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። ከ1942 እስከ 1967 ድረስ በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ውስጥ የነበሩት ቡድኖች ስድስት ብቻ ነበሩ። እያንዳንዱ ቡድን ይዞ የሚጓዘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግብ ጠባቂ ነበር። ስለሆነም በካናዳና በዩናይትድ ስቴትስ ውስጥ ለዚህ ሙያ የተከፈተው ትልቁ በር በአንድ ጊዜ ስድስት ሰዎችን ብቻ ያስገባ ነበር። ከበሩ ውጭ፣ በየትናንሾቹ ሊጎች፣ ተራቸውን የሚጠብቁ ብዙዎች ነበሩ። ሕመሙን ተናግሮ አንድ ሳምንት የቀረ ሰው ሲመለስ ቦታውን ሌላ ይዞት ሊያገኝ ይችላል። እንግዲህ ከሜዳው ዳር ሲታይ ጀግንነት የመሰለው ነገር በከፊል እንጀራን የማጣት ፍርሃት ነበር። አንዱን ፍርሃት ሌላ የበለጠ ፍርሃት ሲያሸንፈው ተመልካች ድፍረት ይለዋል።

ዣክ ፕላንት የተወለደው በጃንዋሪ 17 ቀን 1929 በኩቤክ ገጠር ነው። ለወላጆቹ ከአሥራ አንድ ልጆች የመጀመሪያው ነበር። ቤቱ ሀብት የሞላበት አልነበረም፤ በልጅነቱ የእግር መከላከያውን የሠሩለት ከድንች ጆንያና ከእንጨት እንደነበር ይተረካል። አስም ስለነበረበት ረጅም ጊዜ በበረዶ ላይ መሮጥ አይችልም ነበር፤ ወደ ግብ ጠባቂነት የገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከእናቱ የሹራብ ሥራ ተምሮ የሚደፋውን የሱፍ ቆብ በገዛ እጁ ይሠራ ነበር። በዓለም የታወቀ ስፖርተኛ ከሆነ በኋላም ይህን ልማዱን አልተወም። የወንድነት መለኪያ ቡጢና ጠባሳ በሆነበት የመልበሻ ክፍል ውስጥ ሹራብ የሚሠራ ሰው ምን ዓይነት ዐይን እንደሚከተለው መገመት አያዳግትም። ፕላንት ግን ሰው ምን ይለኛል ከማለት ይልቅ ሥራው ምን ይፈልጋል ብሎ መጠየቅ የለመደ ሰው ነበር።

በሙያውም እንዲሁ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ግብ ጠባቂ ከመረቡ ፊት ተተክሎ የሚመጣውን ይጠብቅ ነበር። ፕላንት መረቡን ትቶ እየወጣ፣ ከመረቡ በስተኋላ ያለፈችውን ፓክ እያቆመ ለጓደኞቹ ማቀበል ጀመረ። መጀመሪያ ሲያዩት የደነገጡት ብዙዎች ነበሩ፤ ኋላ ግን ሙያው ራሱ በዚህ አካሄድ ተለወጠ። የሚጠብቀው የሞንትሪያል ካናዲየንስ ከ1956 እስከ 1960 ድረስ አምስት ጊዜ በተከታታይ የስታንሊን ዋንጫ ወሰደ። ይህን የአምስት ዓመት ተከታታይ ድል እስከ ዛሬ የደገመው ቡድን የለም። በእነዚያው አምስት ዓመታት ለግብ ጠባቂ የሚሰጠው የቬዚና ሽልማት በየዓመቱ የፕላንት ነበር።

ይህ ሁሉ ክብር ፊቱን አላዳነለትም። በልምምድ ላይ ሳለ የጉንጩ አጥንት በአንዱም በሌላውም ወገን ተሰብሯል፤ አፍንጫውም ከአንድ ጊዜ በላይ ተሰብሯል። ስለዚህ በ1950ዎቹ አጋማሽ ላይ በልምምድ ጊዜ ጭምብል ማድረግ ጀመረ። ኋላም ቢል በርችሞር የተባለ በፋይበርግላስ ሥራ ላይ የነበረ ሰው የፊቱን ቅርጽ በጀሶ ወስዶ፣ ከፊቱ ጋር ልክ የሚገጥም ቀጭንና ጠንካራ ጭምብል ሠራለት። አሠልጣኙ ቶ ብሌክ በልምምድ ላይ እንዲያደርገው ፈቀደ፤ በውድድር ላይ ግን ከለከለ።

ኖቬምበር 1 ቀን 1959 ካናዲየንስ በኒውዮርክ፣ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ከሬንጀርስ ጋር ይጫወት ነበር። ጨዋታው ከተጀመረ ጥቂት ደቂቃዎች እንዳለፉ የሬንጀርሱ አንዲ ባትጌት የመታት ፓክ የፕላንትን ፊት ከአፍንጫው ጎን እስከ ከንፈሩ ሰነጠቀችው። በረዶው ላይ ደም ፈሰሰ። ፕላንት ወደ መልበሻ ክፍል ተወሰደ፤ ቁስሉ ተሰፋ። እስከዚህ ድረስ የተለመደው ነበር። ያልተለመደው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የተሰፋው ሰው ተነሥቶ ወደ ሜዳ አልተመለሰም። ጭምብሌን ካላደረግሁ አልገባም አለ።

በዚያ ዘመን እንግዳ ቡድን ተለዋጭ ግብ ጠባቂ ይዞ አይመጣም። ድንገት ቢያስፈልግ የሜዳው ባለቤቶች የሚያቀርቡት በሙያው የማይተዳደር የአካባቢ ሰው ነው። ለቶ ብሌክ የቀረቡለት ምርጫዎች እንግዲህ ሁለት ነበሩ፤ ወይ በዓለም አንደኛ የተባለው ግብ ጠባቂ ከነጭምብሉ፣ ወይ ያልታወቀ ሰው ያለ ጭምብል። ብሌክ ቁስሉ እስኪድን ብቻ በማለት ፈቀደ። ፕላንት ጭምብሉን አድርጎ ወደ በረዶው ወጣ፤ ካናዲየንስም 3 ለ 1 አሸነፈ።

ቁስሉ ዳነ፤ ጭምብሉ ግን አልወረደም። ቡድኑ ሳይሸነፍ የተጫወታቸው ጨዋታዎች 18 ደረሱ፤ ድሉ በቀጠለ መጠን ተቃውሞው እየቀነሰ ሄደ። ማርች 8 ቀን 1960 ፕላንት በአሠልጣኙ ጥያቄ ከዲትሮይት ጋር ያለ ጭምብል ተጫወተ፤ ቡድኑም 3 ለ 0 ተሸነፈ። በሚቀጥለው ጨዋታ ጭምብሉ ተመለሰ፤ ዳግመኛም አልወረደም። በዚያው ዓመት አምስተኛው ዋንጫ ተወሰደ።

በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል። በዚህ ጨዋታ ግን ጌቶቹ ተቆጥተው ነበር፤ የቁጣቸውንም ምክንያት በቅን መንፈስ መመርመር ይገባል። ቶ ብሌክ ክፉ ሰው አልነበረም። ራሱ ዝነኛ ተጫዋች የነበረ፣ ጨዋታውን በሚገባ የሚያውቅ፣ ለቡድኑ ድል ሌት ተቀን የሚጨነቅ ሰው ነበር። ከእሱና ከመሰሎቹ የሚሰማው ተቃውሞ ሦስት መልክ ነበረው።

የመጀመሪያው የዐይን ጉዳይ ነው። ጭምብል እይታን ይጋርዳል፤ ግብ ጠባቂ ደግሞ ካላየ ምንም አይደለም። ይህ ተቃውሞ መሠረት ነበረው። በ1930 ክሊንት ቤኔዲክት የተባለ የሞንትሪያል ማሩንስ ግብ ጠባቂ አፍንጫው ከተሰበረ በኋላ የቆዳ ጭምብል ሞክሮ፣ እይታውን ስለጋረደው ለጥቂት ጨዋታዎች ብቻ ተጠቅሞ ትቶታል። ነገር ግን ይህ ስለ ዕቃው የተነሣ ጥያቄ ነው እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም። መጥፎ ጋሻ የሚያስረዳው የተሻለ ጋሻ መሠራት እንዳለበት ብቻ ነው።

ሁለተኛው የንቃት ጉዳይ ነው። አደጋ ያለበት ሰው ነቅቶ ይጠብቃል፤ አደጋው የተነሣለት ይዘናጋል የሚል ነው። በዚህ አስተሳሰብ ፍርሃት እንደ አለንጋ ይቆጠራል። ሆኖም ፍርሃት ሰውን የሚያነቃ ብቻ ሳይሆን ዐይኑንም የሚያስጨፍን ነው። ፊቱ ባዶ የሆነ ሰው በእግሮች መካከል ድንገት የምትወጣውን ፓክ ለማየት አንገቱን ወደ ታች ሲያሰግግ አካሉ በግድ ወደ ኋላ ይስበዋል። ትኩረቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ለመረቡ፣ ግማሹ ለፊቱ። ጭምብሉ ለፕላንት የሰጠው ነገር ግዴለሽነት ሳይሆን ሙሉ ትኩረት ነበር። ለራሱ ሲሰስተው የነበረውን ዐይን ለሥራው መለሰለት።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን በግልጽ የሚነገር ሳይሆን ከሌሎቹ በስተጀርባ የቆመ ነው። ይኸውም ክብር ነው። ፊቱን የሸፈነ ሰው ፈሪ ነው፤ አባቶቻችን ባዶ ፊታቸውን ቆመዋል የሚል ነው። ፕላንት መሸፈንህ ፍርሃትህን አያሳይም ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ያለ ጃንጥላ ከአውሮፕላን የሚዘል ሰው ጀግና ይባላል ወይ በማለት እንደመለሰ ይነገራል። መልሱ ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ ፈላስፎችን ያስጨነቀ ጥያቄ ነው። ፕላቶን «ላኬስ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስን ከሁለት የጦር መሪዎች ጋር ስለ ጀግንነት ያከራክራል። አንደኛው መሪ ጀግና ማለት ቦታውን ሳይለቅ ጠላትን የሚቋቋም ነው ይላል። ሶቅራጥስም የመጥለቅን ሙያ ሳያውቅ ወደ ጉድጓድ ውሃ የሚወርድና ሙያውን አውቆ የሚወርድ ሰው ቢኖሩ ማንኛው ይበልጥ ደፋር ነው ብሎ ይጠይቃል። ሙያ የሌለው በእርግጥ ይበልጥ ይደፍራል፤ ግን ይህ ድፍረት ያማረ ነው ወይስ ቂልነት? ተከራካሪዎቹ ቁርጥ ያለ ፍቺ ሳያገኙ ይለያያሉ። አንድ ነገር ግን ግልጽ ይሆናል፤ የአደጋው መብዛት ብቻውን የጀግንነት ሚዛን ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ሚዛኑ ምንድን ነው? እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከላይ እንደተገለጸው፣ ግብ ጠባቂው እግሩን፣ ደረቱንና እጁን ሲሸፍን ማንም ፈሪ አላለውም። ነውር የሆነው ፊቱን ሲሸፍን ነው። ነውሩ ራስን መከላከል ቢሆን ኖሮ ከእግሩ መጀመር ነበረበት። ፊት ግን ከሌላው አካል የተለየ ነው። ፍርሃት የሚነበበው ከፊት ላይ ነው፤ ሕመም የሚታየው ከፊት ላይ ነው፤ ደም ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚያስደነግጠውም ከፊት ላይ ሲፈስ ነው። ተመልካቹ የሚፈልገው ፓኳ እንድትቆም ብቻ አልነበረም። የምታቆማት ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ማየትም ይፈልግ ነበር። ጭምብሉ ከግብ ጠባቂው ላይ ድፍረቱን አልወሰደም፤ ከተመልካቹ ላይ ግን ትርዒቱን ወሰደበት። ቁጣውም ከዚህ የመጣ ነው።

ስለዚህ በተግባር ጀግንነትና በትርዒት ጀግንነት መካከል ያለውን ድንበር መለየት ይገባል። በተግባር ጀግና የሆነ ሰው አደጋውን የሚቀበለው ሥራው ስለሚጠይቀው ነው። ሥራው የማይጠይቀውን አደጋ መቀበል ግን ለሥራው የሚጨምርለት የለም፤ የሚጨምረው ለሚያየው ሰው ደስታ ብቻ ነው። መረቡን መጠበቅ ፊትን አይጠይቅም ነበር፤ ፊትን የጠየቀው ልማድ ነው። ጠያቂው ደግሞ ከፋዩ አልነበረም። ከአግዳሚው በስተኋላ የቆመው አሠልጣኝ፣ ከወንበሩ ላይ የተቀመጠው ተመልካች፣ ከቢሮው ውስጥ ያለው የቡድን ባለቤት፣ አንዳቸውም ፓክ በፊታቸው ላይ አላረፈችም። የሌላውን ሰው ፊት አስይዞ የሚነገር የጀግንነት ትምህርት ሁልጊዜ ሊመረመር የሚገባው ነው።

ይህ ማለት ግን ባዶ ፊታቸውን የቆሙት ሰዎች ተሞኙ ማለት አይደለም። በዚህ ላይ ፍርድ ማዛባት ሌላ በደል ይሆናል። ግሌን ሆል ከ1955 እስከ 1962 ድረስ 502 ጨዋታዎችን ያለ ማቋረጥ፣ ያለ ጭምብል ተጫውቷል። ይህ ሰው ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት ከጭንቀት የተነሣ ያስመልሰው ነበር። አፉን ተጉመጥሙጦ ወጥቶ ይቆማል። ፍርሃት እንዳለበት ያልካደ፣ ቢሆንም ቦታውን ያልለቀቀ ሰው ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ምስክር ይፈለግበታል? እሱም በመጨረሻው የጨዋታ ዘመኑ ጭምብል አድርጓል። ያን ጊዜ ድፍረቱ ከእሱ ሸሽቷል የሚል የለም። ሆል ከጭምብሉ በፊትም በኋላም ያው ሰው ነበር፤ የተለወጠው ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚከፈለው ዋጋ ነው።

የፕላንት ታሪክ የሚያነሣው ከባዱ ጥያቄ ግን ከዚህም ያልፋል። ያ ምሽት አንድ ሰው እምቢ በማለቱ የተገኘ ድል ተደርጎ ይነገራል። እውነት ነው፤ ሆኖም ሙሉው እውነት አይደለም። እምቢታው ሊሰማ የቻለው እምቢ ያለው ሰው ዣክ ፕላንት ስለነበረ፣ በዚያም ሰዓት በአግዳሚው ላይ የሚተካው ስላልነበረ ነው። ያንኑ ቃል በአንድ ትንሽ ሊግ ውስጥ ያለ የሃያ ዓመት ወጣት ቢናገረው ኖሮ በማግሥቱ ሻንጣውን ይዞ ወደ መንደሩ ይመለስ ነበር። ያ ምሽት የአንድ ሰው ድፍረትና የአንድ ተተኪ አለመኖር በአንድነት የወለዱት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። ጋሻ የማግኘት መብት የማይተኩ ሰዎች ብቻ ከሆነ መብት መሆኑ ይቀርና ሽልማት ይሆናል። ከሁሉ ይልቅ ጋሻ የሚያስፈልገው ደግሞ እምቢ ለማለት አቅም የሌለው፣ ሊተካ የሚችለው፣ ስሙ የማይታወቀው ሰው ነው። የፕላንት ታላቅነት ራሱን በማዳኑ ብቻ አይለካም። እምቢ ለማለት ኃይሉ በነበረው ሰዓት ኃይሉን ተጠቀመበት፤ ከዚያም በየምሽቱ በጭምብሉ እየወጣና እያሸነፈ ነውር የነበረውን ነገር ተራ ነገር አደረገው። ከእሱ በኋላ የመጣው ወጣት ጭምብል ለማድረግ ዓለም አንደኛ መሆን አላስፈለገውም። በ1974 አንዲ ብራውን ያለ ጭምብል የተጫወተ የሊጉ የመጨረሻ ግብ ጠባቂ ሆኖ ተመዘገበ። በኒውዮርክ ከሆነው ምሽት እስከዚያ ድረስ ያለው ጊዜ አሥራ አምስት ዓመት እንኳ አይሞላም። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ባዶ ፊት የጀግና ምልክት መሆኑ ቀርቶ ሰው ቆሞ የሚያየው እንግዳ ነገር ሆነ። ነውርና ክብር እንደ ተፈጥሮ ሕግ የማይነቃነቁ የሚመስሉት ወደ ኋላ ዞሮ ላላየ ሰው ብቻ ነው።

ለቴአትርና ለሥዕል ሰዎች ደግሞ ይህ ታሪክ አንድ የተለየ ነገር ያቀርባል። በሙያቸው ጭምብል ፊትን የሚሰውር፣ ሐሰትንም የሚያመለክት ነው። ፕላንትን ፊቱን የደበቀ ብለው የነቀፉትም በዚሁ ትርጉም ነው። ነገር ግን በሆኪ ሜዳ ላይ ጭምብል እውነትን የተናገረበት ጊዜ አለ። በ1966 «ላይፍ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የግብ ጠባቂውን የቴሪ ሳውቹክን ፎቶግራፍ አወጣ። ሳውቹክ በሥራ ዘመኑ ፊቱ ላይ ከተሰፋው ስፌት ከ400 በላይ የሚሆነውን አንድ የሜክአፕ ባለሙያ በቀለም ዳግመኛ ስሎ ነበር። ዓመታት አደብዝዘዋቸው የነበሩት ቁስሎች በአንድ ፊት ላይ በአንድ ጊዜ ታዩ። ተመልካቹ ለዓመታት በየምሽቱ ሲያጨበጭብለት የነበረውን ነገር ድምሩን ያን ጊዜ አየው።

ከዚያ ጥቂት ቆይቶ የቦስተኑ ግብ ጠባቂ ጄሪ ቺቨርስ ፓክ ጭምብሉን በመታችው ቁጥር በተመታው ቦታ ላይ የስፌት ምልክት በጥቁር ቀለም ያስጽፍ ጀመር። ጭምብሉ በጊዜ ብዛት በስፌት ተሞላ። ሳውቹክ ፊት ላይ የተሳሉት የደረሱ ቁስሎች ናቸው፤ በቺቨርስ ጭምብል ላይ የተሳሉት ግን ያልደረሱት ናቸው። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ጋሻ ወይስ ጭምብል ለሚለው ጥያቄ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ፕላንት ከካናዲየንስ ወደ ሬንጀርስ የተዛወረው በ1963 ነው፤ በ1965 ጨዋታ አቆመ፤ በ1968 ደግሞ በ39 ዓመቱ ወደ ሴንት ሉዊስ ብሉዝ ተመለሰ። በሜይ 1970 በዋንጫው ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ከቦስተኑ ፍሬድ ስታንፊልድ ዱላ የተነሣች ፓክ በመንገዷ የሌላ ተጫዋች ዱላ ነክታ አቅጣጫዋን ለወጠችና ግንባሩን መታችው። ጭምብሉ ተሰበረ፤ ፕላንትም ራሱን ስቶ ወደቀ። ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ጭምብሉ ባይኖር ኖሮ በሕይወት እንደማይኖር ራሱ ተናግሯል። የ41 ዓመት ሰው ነበር።

«ፈሪ ለእናቱ» የሚለው ፍርድ በዚህ ሰው ላይ ሲመዘን ምን ይሆናል? ከዚያ ምት የተረፈው ሰው ቶሮንቶ ሄዶ ተጫወተ። በዚያም በርኒ ፓረንት የተባለውን ወጣት ግብ ጠባቂ የሚያውቀውን ሁሉ አስተማረው፤ ፓረንትም በ1974 እና በ1975 ከፊላደልፊያ ጋር ዋንጫውን ወሰደ። ፕላንት ስለ ግብ ጠባቂነት መጽሐፍ ጻፈ፤ ከ1975 በኋላም ግብ ጠባቂዎችን በማሠልጠን ኖረ። በፌብሩዋሪ 1986 በስዊዘርላንድ በጄኔቫ ከተማ ሲሞት፣ በአካባቢ ሜዳ ከሚጫወተው ሕፃን እስከ ታላቁ ሊግ ድረስ፣ ፊቱን ሳይሸፍን መረብ ፊት የሚቆም ግብ ጠባቂ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። ያ የተረፈ ሰው ሹራብ ላስተማረችው እናቱ ብቻ አልተረፈም።